የተኛውን ዘንዶ የሚቀሰቅሱት ሰው

የትም መሥሪያ ቤት ሂዱ። የመጸዳጃ ቤቱ በር የማይቆለፍ አለ፤ ስልኩ ቢጮህ የሚያነሳው የሌለ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ የት እንደሚውሉ የማይታወቅበት ሞልቷል። ካርቱን አይቶ ኳስ የተማረ ጎልማሳ የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ከፀሐይ በታች የለም። አንዱ ጋ ሾፌር ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ጋ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይገኛል። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ቦርጩ ከቀበቶው አንድ ስንዝር የቀደመ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ ወንበር ሲጥ ሲጥ የሚል ሰው ነው። ኳስ እግሩ ሥር ስትደርስ ግን ቆም ይላል። ዓይኑን ያጠባል። ነፋስ በሌለበት አገር ፀጉሩ የሚውለበለብ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ብትጠሩትም አይሰማም፤ እዚህ የለማ። ጃፓን ገብቷል፤ የካርቱኑ ክፍል ሃያ ሁለት ላይ ነው።

የነዚህ ሰዎች ሁሉ አውራ፣ የዘርፉ ሊቅ፣ አንድ ሶፋ ሠሪ ናቸው። የእውነት ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው፣ ባለቤታቸውን ጨምሮ፣ «ባለ ዘንዶው» ነው የሚላቸው። እኩዮቻቸው በ«አንተ» ይጠሯቸዋል። እኛ ግን ከስሙ ፊት «ክቡር» ብለን እንቀጥላለን። ከዘንዶ ጋር የሚውልን ሰው መዳፈር ምን ያደርጋል?

ክቡር ባለ ዘንዶው ጨርቅ ሰፍተው፣ ስፖንጅ ቆርጠው፣ ስፕሪንግ አስረው፣ ምስማር በከንፈራቸው ደርድረው ሲሠሩ ላያቸው እጃቸው የተባረከ ነው። እሳቸው የለበጡት ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ በሰዓቱ ወደ ቤቱ ተመልሶ አያውቅም ይባላል። ጣጣው የሚመጣው ከሶፋ ሲነሡ ነው።

ሶፋ ቤቱና ማተሚያ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ከሁለቱም ጀርባ አንድ ሜዳ አለ፤ በአንድ በኩሉ የውሃ ታንከር፣ በሌላው በኩል የሁለቱንም ቅጥር የሚጠብቁት የዘበኛው ጎጆ። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ቤቶች ሥራቸውን ከቀትር በፊት ይዘጉና በዚያ ሜዳ ላይ ኳስ ይጋጠማሉ። ዳኛው ዘበኛው ናቸው። ግማሽ ለዚህ ቤት ግማሽ ለዚያ ቤት ስለሚሠሩ ከሳቸው የበለጠ ገለልተኛ አልተገኘም። ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል፤ ይህም ለገለልተኝነታቸው ረድቷል።

የማተሚያ ቤቱ በረኛ ወረቀት ቆራጩ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከወረቀት መቁረጫው ትልቅ ቢላ ሥር እጁን እያስገባ እያወጣ አሥሩም ጣቶቹ በየቦታቸው አሉ፤ በወረቀት ቆራጮች መሀል ይህ ሜዳሊያ ማለት ነው። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ይለካል፣ ይጠራጠራል፣ እንደገና ይለካል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የተንጋደደ ጥሪ ካርድ ካየ ሙሽሮቹ የሚፋቱ ይመስለዋል። ግብ ውስጥም እንደዚሁ ነው። አይዘልም፣ አይንደባለልም፤ ኳሷ የምትመጣበትን ቦታ ቀደም ብሎ ለክቶ እዚያ ሄዶ ይቆማል። በዚህ ዘዴ ሰባት ዓመት አንድም ጎል ሳይገባበት ኖሯል። ሠራተኛው «ግንቡ» ብሎታል።

ዘንድሮ ስምንተኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ ጓንቱን ሊያወልቅ ቆርጧል። ወገቡ እንቢ ብሏል። የማተሚያ ቤቱ የሠራተኞች አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ይህን ሲሰማ ጓንቱ በመስታወት ፍሬም ተደርጎ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል አወጀ። ከሥሩ የሚለጠፈው ጽሑፍም በወርቅማ ቀለም ታተመ፤ «ስምንት ዓመት ያልተደፈረ በር»። ገና ሳይጫወቱ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ነገር የሚታተመው ከመሆኑ በፊት ነው፤ ሠርጉም፣ ምርቃቱም፣ ስብሰባውም ሁሉ እዚያ የደረሰው በጥሪ ካርድ ነውና ማንም አልገረመውም። ወረቀት ቆራጩ ራሱ ቆረጠው፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቆ ጽሑፉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ራቅ ብሎ አየው። ሃያ ዓመት የሌሎችን ስም ሲቆርጥ ኖሮ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በሱና በዚያ ፍሬም መሀል የቆሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው ቢባል፣ እሳቸውም ክቡር ባለ ዘንዶው ናቸው ቢባል፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ይወድቅ ነበር።

የዘንዶው ነገር እንዲህ ነው። ክቡርነታቸው ስማቸውን እስኪረሱ የሚወዱት አንድ የጃፓን ተከታታይ የኳስ ካርቱን አለ። እዚያ ውስጥ አንድ ጫማ ብቻ የሚያደርግ አጥቂ አለ፤ ይህ አጥቂ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ምት አለው፤ ስሙ «የተኛ ዘንዶ» ይባላል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በሚጠቀሙበት ሻይ ቤት ውስጥ ይህን ምት ሲተነትኑ ያልሰማ ሰው፣ ወይ አዲስ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም።

«ኳሷ መጀመሪያ ትተኛለች» ይላሉ፣ የስኳር ዕቃውን ኳስ አድርገው በጠረጴዛው ላይ በዝግታ እየገፉ። «በመሬት ለመሬት፣ ቀስ ብላ። በረኛው ያያታል፤ ይስቃል። ይሳቅ። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ትነቃለች። ከመሬት ብድግ ብላ በደረቱ ትክክል፣ እሳት እየተፋች…»

እዚህ ላይ የስኳር ዕቃው ይነሳል፤ ስኳሩ የጎረቤት ሻይ ውስጥ ያርፋል። ጎረቤት ካርቱን ነው እኮ፣ ተው አንተ ሰውዬ ሲላቸው በሐዘኔታ ያዩታል። «ካርቱን ልጆች የሚያዩት ነው። ይሄ አኒሜ ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ክፍልፋይን በሚያስረዳበት ትዕግሥት ነው።

በሜዳ ላይ ግን ዘንዶው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የተማረው። መተኛቱን አሳምሮ ይተኛል።

መጀመሪያ የሞከሩት ዕለት እንኳ በረኛው ደንግጦ ነበር። ክቡርነታቸው ኳሷን አቁመው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «የተኛ ዘንዶ» ብለው ሲጮኹ ሰው የታመመ መስሎት ግቡን ጥሎ ሊደግፋቸው ሮጠ። ኳሷን መንገድ ላይ አገኛት፤ አንስቶ በብብቱ ይዟት ሄዶ ምን ነካህ ወንድሜ ብሎ ጠየቃቸው። በቀጣዩ ዓመት በዚያ ተከታታይ ውስጥ ከምቱ በፊት ሁሉም ተጫዋች ልጅነቱን እንደሚያስታውስ ለቡድናቸው አስረዱ፤ ሳያስታውሱ መምታት ኃይሉን ይቀንሰዋል አሉ። ስድስት ሶፋ ሠሪዎች በየቆሙበት ዓይናቸውን ጨፍነው ልጅነታቸውን ማስታወስ ያዙ። ቫርኒሽ ቀቢው እንባውን አቀረረ። በዚህ መሀል ማተሚያ ቤቶች ኳሷን ወስደው ሁለት አገቡ፤ ከሁለተኛው ጎል በኋላ እንኳ አንደኛው ገና ሦስተኛ ክፍል ነበር።

የጫማውማ ነገር አይወራ። በአጥቂው ምሳሌነት አንድ ጫማ ብቻ ማድረጉ አይቀርም ብለው፣ ያንኑ አንዱን በትርፍ ቆዳና በምርጥ ስፖንጅ ራሳቸው ሰፉት። እንደ ሶፋ የሚመች ጫማ ነበር። ሲመቱ ጫማው ከኳሷ ቀድሞ ሄደ። ግንቡ ለክቶ ቆሞ ጫማውን በደረቱ ያዘው፤ ኳሷ እዚያው ባለችበት ቀረች። ዘበኛው የጫማ ደንብ ስለማያውቁ ፊሽካቸውን ነፍተው ሁሉንም አስታረቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ክቡርነታቸው ቅር ብሏቸው አያውቅም። ሜዳውን ሲለቁ የሚሏት አንድ ቃል አለቻቸው፤ «ዘንዶው ገና አልነቃም።» እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነው የሚሏት፤ ሊጡ ገና ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ እንደሚል።

አንድ ጊዜ ወረቀት ቆራጩ አዘነላቸው። ሻይ ቤት ውስጥ ጠጋ ብሎ ቆይ ለምንድን ነው ከመምታትህ በፊት የምትጮኸው፣ ዝም ብለህ ብትመታ እኮ ቢያንስ እኔ አልዘጋጅም ነበር ብሎ መከራቸው። ለጠላት ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ክቡር ባለ ዘንዶው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ስሙን ካልጠራሁት በምን ይነቃል?» አሉት። «ደግሞ ሳይናገሩ መምታት ሌብነት ነው። ጎል ለማግባት ብዬ ልስረቅህ?»

ወረቀት ቆራጩ ይህን ነገር ይዞ ቤቱ ገባ። እሱ ለክቶ የሚኖር ሰው ነው፤ ይህ ነገር ግን በየትኛው ማስመሪያ እንደሚለካ አልገባውም።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ መልኩን ቀየረ። የሶፋ ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴትዮ፣ ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ አዲስ አናጢ ቀጥረዋል፤ እግሩ የበር መቃን የሚያህል፣ ሲመታ የውሃ ታንከሩ የሚያስተጋባ። ክቡርነታቸውን ምስማር በአፋቸው እንደያዙ አስቁመው ዘንድሮ ዘንዶህ ካልነቃ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ውሃ አቀባይ ነህ፤ ቦታህን ለአናጢው ትለቃለህ አሏቸው። ክቡርነታቸው ምስማሮቹን አንድ በአንድ እጃቸው ላይ ተፉና እሺ እትዬ፣ ዘንድሮ ይነቃል አሉ። ነገሩን በሙሉ እርግጠኝነት ስለተናገሩት እትዬ ለሰከንድ ያህል አመኑ፤ ከዚያ ራሳቸውን ወቀሱ።

ወሬው ግድግዳውን አልፎ ማተሚያ ቤት ደረሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወረቀት ቆራጩ ግን አንድ ነገር ከነከነው። «ዘንድሮ ይነቃል» የሚለው ቃል ሰባት ዓመት ተሰምቶ አያውቅም። እስከዛሬ የሚባለው «ገና ነው» ነበር። ጓንቱ ሊሰቀል አንድ ወር ሲቀረው፣ ይህ የሚለካ፣ የሚጠራጠር፣ እንደገና የሚለካ ሰው፣ እስቲ ጠላቴ የሚያየውን ልየው ብሎ ተነሳ። አንድ ክፍል ብቻ፤ ለጥናት።

በምሳ ሰዓት ከወረቀት ሪሞች ጀርባ ተደብቆ የመጀመሪያውን ክፍል አየ። የማይረባ ነው አለ። ሜዳው ራሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሰውዬው ሮጦ ሮጦ ግብ አይደርስም፤ ኳሷ አየር ላይ ሳለች ተመልካቹ ስለ ኑሮው ያወራል። የማይረባ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለተኛውን አየ። በሦስተኛው ቀን ምሳውን መብላት ረሳ።

ችግሩ የመጣው አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ በረኛ ብቅ አለ። ከማንም ጋር የማይነጋገር፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ ከሩቅ የሚያጨበጭብ፣ ሌሎቹ ሲተቃቀፉ ግቡ ውስጥ ብቻውን የሚቀር ዝምተኛ ሰው ነው። ወረቀት ቆራጩ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ጎል ባገባ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ ወዲያኛው ጫፍ ተከምሮ ሲጨፍር፣ እሱ እዚህኛው ጫፍ ብቻውን ቆሞ ጓንቱን ሲያስተካክል ኖሯል። ስለዚህ ነገር ለማንም ነግሮ አያውቅም። ጃፓኖቹ ማን ነገራቸው?

ከዚያ ወዲያ ጥናቱ ቀረ፤ ፍቅር ሆነ። ዝምተኛው በረኛ የዘንዶው ምት ማምከኛ አለው፤ «የድንጋይ በር» ይባላል። እግሩን እንደ ምሰሶ አንፈርክኮ ይተክላል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያጣምራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዘንዶው ነቅቶ ወደ ደረቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ወረቀት ቆራጩ ከዚህ በኋላ የሚያየው ለሌላ አይደለም፤ በሩ ይችለዋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ብቻ ነው። አዘጋጆቹ ግን ለሰው የማያዝኑ ጨካኞች ናቸው። አንዱ ጨዋታ አሥራ አንድ ክፍል ፈጀ።

በዚህ መሀል ትዳሩ ሊፈርስ ነበር። ባለቤቱ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጠርጣራም ናት፣ እሱን ያገባችው ሳይመሳሰሉ አይደለም። ሰውዬው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ አንድ ቀን ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠጋች። ውስጥ አንዲት ሴት በባዕድ ቋንቋ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። በሩን በኃይል ስታስከፍተው ባሏን በባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ስልክ ይዞ፣ ዓይኑ ቀልቶ አገኘችው።

«ማናት?» አለች።

«የበረኛው እናት ናት» አለ በደከመ ድምፅ።

ነገሩን ሁሉ ተናዘዘ። እሷም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ለማንም እንደማትናገር ማለች፣ ወዲያው ደግሞ እናትየዋ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቀች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ ሁለት ሆነ።

የጨዋታው ዋዜማ ከሥራ እንደገቡ አርባ ሦስተኛውን ክፍል አዩ። አጥቂው ስሙን ጠራ፤ ኳሷ ተኝታ መጣች፤ ዝምተኛው በረኛ የድንጋይ በሩን ዘጋ፤ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ክፍሉ አለቀ። ባትሪውም አለቀ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ወረቀት ቆራጩ ያን ቅዳሜ ሜዳ የገባው በሩ መቻል አለመቻሉን ሳያውቅ ነው።

ሶፋ ቤቶች ያልተረከቡ ሶፋዎቻቸውን አውጥተው ከሜዳው ዳር ደረደሩ። እትዬ ባለ ሦስት መቀመጫው ላይ ለብቻቸው ተሰየሙ። ማተሚያ ቤቶች በሪም ወረቀት ላይ ተቀመጡ፤ ፎርማኑ ፍሬሙን ከነመስታወቱ ይዞ መጥቶ ጎኑ አስደገፈው። ጨዋታው የተለመደው ነበር። ማተሚያ ቤት ሦስት አገባ፤ አናጢው ሁለት ጊዜ ታንከሩን መታ፤ ግንቡ እየለካ ቆመ። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሽንፈቱም ድሉም ያለቀለት ጉዳይ ሆነ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወረቀት ቆራጩ በር ሳይደፈር ማምሸቱ።

ያን ጊዜ ዘበኛው ፊሽካ ነፉ። ከግቡ ፊት ለፊት፣ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ፣ ለሶፋ ቤት የቅጣት ምት።

እትዬ ከሶፋቸው ላይ አናጢው ይምታ አሉ። አናጢው ኳሷን አስተካክሎ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል ክቡር ባለ ዘንዶው አጠገቡ ቆመው አገኛቸው። አናጢው ፊታቸውን አየ፤ ቀጥሎ እትዬን አየ፤ ቀጥሎ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያለ ገለል አለ። ኋላ ሲጠየቅ፣ የአባቴን ዓይን ነው ያየሁት፣ ምን ላድርግ አለ።

ማተሚያ ቤቶች የሰው ግድግዳ ለመሥራት እንኳ አልተቸገሩም። ከፊታቸው ባለ ዘንዶው ናቸው ያሉት፤ ግማሾቹ ሳቃቸውን ለመጨረስ ጀርባቸውን አዙረው ወገባቸውን ይዘዋል። ክቡርነታቸው ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ዘንዶውን በስሙ ጠሩት፤ ድምፃቸው ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ከዚያ ሮጡ፤ መቱም።

ኳሷ ተኛች። ከመተኛት አልፋ አንኮራፋች ቢባል ይሻላል። በመሬት ለመሬት፣ ጠጠር ባገኘች ቁጥር እየዞረች፣ ሽማግሌ ወደ ፖስታ ቤት እንደሚሄድ ቀስ ብላ ወደ ግንቡ መጣች። ሰባት ዓመት ስትመጣ እንደዚህ ነው የመጣችው። በመጣች ቁጥርም ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ነው ያነሳት። አሁንም ጎንበስ ለማለት ወገቡን ማጠፍ ጀመረ።

ከዚያ ዓይኑ ርቀቱን ለካ። ሦስት እርምጃ ቀርቷታል።

እዚህ ላይ የወረቀት ቆራጩን ልብ ማየት ያስፈልጋል። እሱ እንደማትነሳ ያውቃል። ሃያ ዓመት ለክቶ የኖረ ሰው ይህ አይጠፋውም። ግን ትናንት ማታ ክፍሉ ያለቀው በዚህችው ቦታ ላይ ነው። ብትነሳስ? በሩስ ይችላል? በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ቆሞ የሚመልስ ሰው ቢኖር፣ በዚህች ቅጽበት ከሱ ሌላ ማን አለ? አፉ ሳያማክረው ተከፈተ።

«የድንጋይ በር» አለ።

መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ቀጥሎ ሜዳው እስኪሰማው ደገመው። እግሩን አንፈርክኮ ተከለ። እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ሰጥቶ፣ ዘንዶውን ጠበቀ።

ኳሷ በእግሮቹ መሀል አለፈች። ለማለፍ ቸኩላ አይደለም።

ዓይኑን ሲገልጥ ኳሷ ስታልፍ ያየ ሰው የለም። ሜዳው ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ ጀርባውን ሰጥቶ ይስቅ ነበር፣ ግማሹ በረኛው ምን ሆነ ብሎ ፊቱን ሲያይ ኳሷን አላያትም። ዘበኛው ፀሐይ በዓይናቸው ገብታ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ወረቀት ቆራጩ ቀስ ብሎ ዞረ። ኳሷ ከኋላው፣ ከኖራው መስመር ትንሽ አለፍ ብላ፣ መረብ እንኳ ሳትነካ ተኝታለች።

ማተሚያ ቤቶች ነቁ፤ አልገባም፣ መስመር ላይ ናት፣ ያዛት እያሉ ተንጫጩ። ፎርማኑ ፍሬሙን አቅፎ ሮጦ መጣ። ሶፋ ቤቶች ገብቷል ለማለት አላዩም ነበርና ወደ ዘበኛው ዞሩ። ዘበኛው ወደ ግቡ ተራመዱ፤ ደረሱ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና ብለው አዩ፤ ምንም አላዩም። በመጨረሻ እንደ ገለልተኛ ሰው አደረጉ፤ የሚያውቀውን ጠየቁ።

«አንተ ልጄ፣ አልፋለች ወይስ አላለፈችም?»

እግሩ ከኳሷ አንድ ጫማ አይርቅም ነበር። ትንሽ ወደ መስመሩ ሳብ ቢያደርጋት፣ እንደው በድንገት የነካት ቢያስመስል፣ ወርቅማው ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይውላል። ፎርማኑ በዓይኑ ይለምነዋል። ወረቀት ቆራጩ ከኪሱ ማስመሪያ አላወጣም፤ ዓይኑ ይበቃዋል። መስመሩን አየ፤ ኳሷን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ እጃቸውን ገና ከሰማይ ያላወረዱትን ሰውዬ አየ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይናገሩ አልመቱበትም።

«ገብታለች» አለ። «በሁለት ጣት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግራል። ቫርኒሽ ቀቢው እንደገና አለቀሰ። አናጢው ክቡርነታቸውን ሊያነሳቸው ሞክሮ ወገቡን ያዘው። እትዬ ሶፋው ላይ በጫማቸው ቆሙ፤ ይህን ከዚያ በፊት ያደረገ ሠራተኛ ተባሮ ያውቃል። ፎርማኑ ፍሬሙን መሬት አስቀምጦ «ስምንት» የሚለውን «ሰባት» ብሎ ለማሳተም ስንት ቀን እንደሚፈጅ በሐዘን ያሰላስል ጀመር፤ በኋላም ያንኑ ነው ያደረገው። ማተሚያ ቤቶች በወረቀት ቆራጩ ተናደው ጀርባቸውን ሰጡት። እሱም እንደ ልማዱ ግቡ ውስጥ ብቻውን ቀረ፤ ጓንቱን ያስተካክላል።

ክቡር ባለ ዘንዶው ከሚያቅፏቸው እጆች መሀል ሾልከው ወጡ። ደስታ ያለው ወዲያ ሆኖ ሳለ ወዲህ መጡ። ግቡ ጋ ደርሰው ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ሶፋ ቤቱ ውስጥ፣ በየሄዱበት ይህን ነገር ያልነገሩት ሰው የለም፤ መልሶ የነገራቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

«ስንተኛው ክፍል ላይ ነህ?» አሉት።

«አርባ ሦስት» አለ ወረቀት ቆራጩ። ከዚያ ሽንፈቱን ሁሉ ረስቶ በሹክሹክታ ጠየቀ፤ «እሺ… በሩ ቻለው?»

ያለማንም ጠያቂ ሁሉንም ነገር ለሁሉም ሰው ሲናገሩ የኖሩት ክቡር ባለ ዘንዶው አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ጎል ያገባ ሰው ደስታ አልነበረም፤ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

«አልነግርህም» አሉ። «ሰኞ በምሳ ሰዓት እኔ ጋ ና። ባለቤትህንም አምጣት፤ ሶፋ ሞልቷል።»